የሰፈር መናፈሻ ባለቤት፤ በልደታ ምሳሌነት

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ረጃጅም ሕንፃ ብዙ በሚነገርበት መድረክ ላይ፣ ስፋቷ ከጥቂት መቶ ካሬ ሜትር ስለማይበልጥ የሰፈር መናፈሻ ለመናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የመሐንዲስ ሥራ ክብደቱ የሚለካው በሲሚንቶ ኩንታል ብቻ አይደለም። አንድ ድልድይ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጠግነው መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ ይታወቃል። የሰፈር መናፈሻ ግን ሪባኑ ተቆርጦ እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ በማግሥቱ ማን እንደሚያጠጣው፣ ማን እንደሚጠርገው፣ ቁልፉም በማን እጅ እንደሚያድር ብዙውን ጊዜ አይታወቅም። ንድፍ ስናወጣ ልንጠይቀው ይገባን የነበረውን ይህንን ጥያቄ የምናነሣው ሣሩ ከደረቀ በኋላ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

መናፈሻ ስል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳይደባለቁብን እፈልጋለሁ። ብሔረ ጽጌ፣ የካቲት 12፣ አፍሪካ ፓርክ፣ በቅርቡም በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ የከተማ መናፈሻዎች ናቸው። ሰው ቀን ቆርጦ፣ ልብስ ለውጦ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ይሄድባቸዋል። የሰፈር መናፈሻ ግን እናት ድስት ጥዳ ልጅዋን በመስኮት የምታይበት፣ ጡረተኛው በነጠላ ጫማ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ተማሪው ማታ መብራት ካለ ደብተሩን ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በመንግሥት በጀትና በብዙ ሠራተኛ ይጠበቃል። ሁለተኛው በጎረቤት ካልተጠበቀ በማንም አይጠበቅም።

ልደታን በምሳሌነት የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍት ቦታ በከተማችን እንዴት እንደ ኖረና እንዴት እንደ ጠፋ ለማሳየት እንደዚህ አካባቢ የተመቸ ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ በየኮረብታው ግቢያቸውን ሲያቆሙ ሎሌውና ወታደሩ በዙሪያቸው ሰፈረ፤ «ሰፈር» የሚለውም ቃል ይህንኑ አሰፋፈር ይገልጻል። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ጅረት፣ ሸለቆና የግጦሽ ሜዳ ነበር። ይህንን ሜዳ መናፈሻ ብሎ የጠራው ሰው ባይኖርም፣ ልጆች ገና የሚጫወቱበት፣ ልብስ የሚሰጣበትና ፈረስ የሚገራበት እርሱ ነበር። ከዚህ ሌላ በዕድሜ የጠኑ ዛፎች ተከብረው የቆዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ልደታ ማርያምም ለአካባቢው ስሙንም ጥላውንም የሰጠች ናት። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሳይቆረጥ የሚኖረው ባለቤቱ ስለሚታወቅ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሁለተኛው ታላቅ ክፍት ቦታ የአውሮፕላን ማረፊያው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነው። በኋላ የጄት አውሮፕላኖች መምጣት ረጅምና ጠንካራ ማኮብኮቢያ ስለጠየቀ በ1950ዎቹ ዓመታት ውስጥ የመንገደኞች በረራ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ለልደታም «ኦልድ ኤርፖርት» የሚል ስም ቀረ። ሜዳው ከመንገደኞች በረራ ቢገላገልም ለሕዝብ መናፈሻነት አልዋለም፤ በጊዜውም ይህንን ጥያቄ ያነሣ አልነበረም። በዚያን ዘመን ከተማዋ በሜዳ የተከበበች ስለነበረች ማንም ሊወቀስ አይችልም። ይሁን እንጂ በርሊን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 ቴምፕልሆፍ የተባለውን አውሮፕላን ማረፊያዋን ዘግታ በ2010 ሜዳውን ለሕዝብ ስትከፍት፣ ከአራት ዓመት በኋላም በዳርቻው ላይ ቤት ይሠራበት ሲባል ነዋሪው በሕዝበ ውሳኔ «አይሆንም» ማለቱን ስናይ፣ አንድ ሜዳ ሜዳ ሆኖ እንዲኖር ባለቤት ነኝ የሚል ሕዝብ እንደሚያስፈልገው እንረዳለን።

ሜክሲኮ አደባባይንም በአጭሩ ላንሣ። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ባለመቀበሏ ለተደረገላት ወዳጅነት መታሰቢያ የቆመ አደባባይ ነው። በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያ አደባባይ አለ፤ በዚያው ሥፍራ ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ይጠራል፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። የእኛው አደባባይ የከተማ ቀላል ባቡር ሲሠራ የቀድሞ መልኩን ለቋል። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን ሲጀምር ለከተማው ትልቅ ጥቅም መስጠቱን አልክድም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። በመኪና የተከበበ አደባባይ ውስጥ የሚቀመጥ ጎረቤት ስለሌለ፣ ሲነሣም «የእኔ ነበር» የሚል ጎረቤት አይገኝም።

ፕላን አልነበረንም ሊባል አይቻልም። በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ያዘጋጁት ማስተር ፕላን ከተማዋን በየራሳቸው ትምህርት ቤትና አረንጓዴ ሥፍራ ወዳላቸው ሰፈሮች ለመክፈል ያሰበ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው መዋቅራዊ ፕላንም ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን የመቶኛ ስሌት የወንዝ ዳርቻውንም፣ የተራራውን ተዳፋትም አንድ ላይ ይደምራል። የእንጦጦ ደን የአዲስ አበባን አረንጓዴ ድርሻ ከፍ ሲያደርገው በልደታ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር የስድስት ዓመት ልጅ አንድ ካሬ ሜትር አይጨምርለትም። ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ ርቀቱን፣ ከርቀቱም ይልቅ ጠባቂውን ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ ሰፈሩን የማስተዳደር ሥራ ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጠ። የአዋጁን ቀን ስም የያዘው ሐምሌ 19 መናፈሻ እስከ ዛሬ አለ። የቀበሌ ቤቶች እርጅና እየተጫናቸው ሄደው በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. የልደታ መልሶ ማልማት ሲጀመር የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ተተከለ። የፈረሱት ቤቶች ለኑሮ የማይመቹ እንደነበሩ የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ከቤቶቹ ጋር አብሮ የፈረሰ፣ በየትኛውም የካሣ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ግቢው ነው። አምስትና ስድስት ቤተሰብ በጋራ የሚጠቀምበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ልጅ የሁሉም ልጅ ሆኖ የሚያድግበት ግቢ። በካርታው ላይ «ባዶ» ተብሎ የተቀለመው እርሱ ነበር።

በምትኩ በብሎክና በብሎክ መካከል ያለው መሬት መጣ። ይህ መሬት በሕግ ባለቤት አለው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤቱ ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራ የሆነውን እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል። በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ መገልገያ ቤትም በየሳይቱ ተሠርቷል። በተግባር ግን ቅዳሜ ጧት ተዘዋውሮ ለሚያይ ሰው መሬቱ በአብዛኛው የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ይታያል። ልጆቹ በመኪናዎቹ መካከል ኳስ ሲያንከባልሉ፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ በሱቅ ደረጃ ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ይገኛሉ። ሕግ የሰጠው ባለቤትነትና ነዋሪው በልቡ የያዘው ባለቤትነት ገና አልተገናኙም ማለት ነው።

እንግዲህ ነዋሪው ክፍት ቦታን ለምን ይፈልገዋል? እኛ መሐንዲሶች መናፈሻ ሲባል ፏፏቴ፣ ጽጌረዳና «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ ይታየናል። የሰፈር ሰው ግን የራሱ የሆነ፣ ከእኛ ንድፍ የቀደመ የአጠቃቀም ሥርዓት አለው። ጥቂቱን ልጥቀስ።

ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል። ድንኳኑ የሚተከለው ከለቅሶ ቤቱ አጠገብ ነው፤ ቦታ ከሌለ በመንገዱ ላይ ይሆናል። ስለዚህ በሰፈር መናፈሻ ውስጥ የእድሩ ድንኳን ስፋት ተለክቶ፣ ለካስማው መትከያ ጉድጓድ በክዳን የተዘጋጀለት፣ ውኃ የማይተኛበት አንድ ደልዳላ ሥፍራ ሊኖር ይገባል። ይህንን በየትኛውም የመናፈሻ ንድፍ መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም። መስከረም 16 ቀን ማታ ደግሞ የሰፈሩ ደመራ ይለኮሳል። ደመራው የሚቆምበት ቦታ ሣር ሳይሆን ድንጋይ ወይም ጠጠር የለበሰ ክብ ቢሆን፣ በዓመት አንድ ቀን እሳት ሲነድበት በተቀሩት ቀናት ሕፃናት ይሽከረከሩበታል።

ከሁሉም በላይ ግን ግንቦት ልደታ አለ። ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት ተጠራርቶ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ዳቦውን ጋግሮ፣ ቡናውን አፍልቶ ከቤት ውጭ፣ በዛፍ ሥር ወይም በደጅ፣ አብሮ ይቀምሳል። በዓሉን ልዩ የሚያደርገው ከቤት ውጭ መከበሩ ነው። ደጅ የሌለው ሰው ግንቦት ልደታን እንደ ወጉ ሊያከብር አይችልም። በዚህ በዓል ስም የሚጠራ አካባቢ በዓሉን የሚያከብርበት ደጅ ቢያጣ እንደ ምን ያለ ነገር ነው? ፎቅ ላይ የወጡት እናቶች ግን ዛሬም በመኪናዎቹ መካከል ምንጣፍ አንጥፈው ሥርዓቱን ይፈጽማሉ። የመናፈሻው ደንበኞች እነዚህ ናቸው፤ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ባያቀርቡም በየዓመቱ በምንጣፋቸው ቦታውን እያመለከቱን ነው።

ነዋሪ ራሱ ተነሥቶ ሥፍራውን ሲያድስ ከተማችን አይታ አታውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1993 ዓ.ም. አካባቢ ከአሜሪካ የተመለሰው ድምፃዊና የክራር ተጫዋች ስለሺ ደምሴ፣ በሕዝብ ዘንድ ጋሽ አበራ ሞላ ተብሎ የሚታወቀው፣ ያስነሣው የጽዳትና የአረንጓዴ ልማት እንቅስቃሴ እስካሁን የማይረሳ ነው። ሥራ አጥ ወጣቶች ቆሻሻ የተከመረበትን፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍበትን የመንገድ ዳር ጠርገው፣ ድንጋይ ደርድረው፣ ቀለም ቀብተው አበባ ተከሉበት። ሥራው ከመስፋፋቱ የተነሣ «ጋሽ አበራ ሞላ» የአንድ ሰው መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የማናቸውም ትንሽ አጥር ያላት የሰፈር አትክልት ስም ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ መሐንዲሶች በአብዛኛው ተመልካቾች ነበርን ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከእነዚያ ሥፍራዎች ብዙዎቹ በኋላ ዓመታት ደብዝዘዋል። ምክንያቱን ወጣቶቹ ሰለቹ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በእኔ ግምት ችግሩ በሦስት ነገሮች ላይ ያረፈ ነበር። ቦታው በወጣቶቹ እጅ የነበረው በይሁንታ እንጂ በጽሑፍ ስላልነበረ፣ መንገድ በሰፋ ወይም አስተዳዳሪ በተለወጠ ቁጥር የሚከራከሩበት ወረቀት አልነበራቸውም። ውኃው በጀሪካን ይመጣ ስለነበር የመጀመሪያው በጋ የልባቸውን ኃይል ጨረሰው። አበባ ደግሞ በየወሩ ገንዘብ ይፈልጋል፤ መኪና በማጠብ ወይም ጫማ በመጥረግ ገቢ ያገኘው ሥፍራ ዕድሜው ሲረዝም፣ ገቢ ያልነበረው ቶሎ ደረቀ። የተጓደለው ፍቅር ሳይሆን ቧንቧ፣ ወረቀትና የሒሳብ ደብተር ነበር። ይህ ደግሞ በትክክል የእኛ ሙያ ሊረዳ የሚችልበት ነው።

በአንጻሩ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ ላይ በባሕር ዛፍ የተወረረውን መሬት በአገር በቀል ዛፍ የመመለስ ሥራ ለብዙ ዓመታት ሊገፋበት የቻለው ማኅበሩ አባላት፣ መዋጮና በስሙ የተሰጠው ሥፍራ ስለነበረው ነው። ደን ከሰፈር መናፈሻ ጋር አይወዳደርም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ የማነጻጽረው ግን ዛፉን ሳይሆን አያያዙን ነው።

ከውጭም ሁለት ምሳሌ ልጨምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አምስተርዳም ከተማ አልዶ ቫን አይክ የተባለ ወጣት አርክቴክት ቀጥራ እ.ኤ.አ. በ1947 አንዲት የልጆች መጫወቻ አሠራች። ያችን ያዩ የሌላ ሰፈር ነዋሪዎች «ለእኛም» እያሉ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ፤ እስከ 1978 ድረስ ቁጥራቸው ከ700 በላይ የሆኑ መጫወቻዎች ተሠሩ። ዕቃዎቹ የአሸዋ ገንዳ፣ የብረት መንጠላጠያ፣ ክብ የኮንክሪት መረማመጃና አግዳሚ ወንበር ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ በአዲስ አበባ የሰፈር ብየዳ ቤትና ብሎኬት ማምረቻ የማይሠራ አንድም የለም። ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን ከናይሮቢ ነው። በኪቤራ መንደር ከጎርፍና ከቆሻሻ ጋር የሚታገለው የወንዝ ዳር ከነዋሪዎች ጋር በመመካከር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተራ በተራ ወደ ሕዝብ መሰብሰቢያነት ሲለወጥ፣ ዳርቻው በጋቢዮን ታሠረ፤ በየሥፍራው ደግሞ የመጸዳጃ ቤትና የውኃ አገልግሎት ተጨምሮ የሚያስተዳድረው የነዋሪዎች ቡድን ከዚያ በሚያገኘው ገቢ ጥገናውን እንዲሸፍን ተደረገ። በዚህ አሠራር መጸዳጃ ቤቱ የመናፈሻው ሞተር ነው። እኛ ግን መጸዳጃን ከንድፉ ውስጥ አስቀርተን፣ መናፈሻው ራሱ መጸዳጃ ሲሆን እንገረማለን።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ ልመለስና ስለ ውኃ በቁጥር ልናገር፤ መናፈሻ የሚኖረውም የሚሞተውም በውኃ ነውና።

500 ካሬ ሜትር ሣር አለን እንበል። በበጋ በካሬ ሜትር 4 ሊትር በቀን ቢጠጣ በየቀኑ 2,000 ሊትር ይፈልጋል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ብንተክልለት በአምስት ቀን ይጨርሰዋል። የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ 200 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ አምስተኛው እንኳን ቢባክን፣ በዓመት ወደ 190 ሜትር ኩብ ውኃ ይሰጣል፤ ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ወራት፣ ሣሩ ውኃ በማይጠይቅበት ጊዜ ነው። ለበጋ እናጠራቅመው ብንል የማጠራቀሚያው ዋጋ ከመናፈሻው ይበልጣል። ስለዚህ መፍትሔው ሮቶውን ማሳደግ ሳይሆን ጥማቱን መቀነስ ነው። የአትክልቱን መደብ ወደ 100 ካሬ ሜትር ዝቅ አድርገን 30 ችግኝ ብንተክልና ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ብናጠጣ፣ የሳምንቱ ፍጆታ በአጠቃላይ 4,000 ሊትር ይሆናል። ያው ሮቶ አሁን ከሁለት ሳምንት በላይ ያቆያል። ችግኞቹም ሥር ከሰደዱ በኋላ የሚጠይቁት ውኃ እያነሰ ይሄዳል።

ዛፉም ሲመረጥ ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛና ኮሶ ለአገሩ አየር የተስማሙ መሆናቸው ይታወቃል። ባሕር ዛፍ ግን በፍሳሽ ቦይና በመሠረት አጠገብ አይተከል፤ ሥሩ ውኃን ፍለጋ የማይገባበት የለም። ሣር የግድ ከሆነ ሰርዶ የልጆችን እግር ይችላል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ከነአፈሩ ተጠቅልሎ የሚመጣው ሣር ለምረቃ ቀን ፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ለሰፈር አይሆንም።

ሁለተኛው የውኃ ነገር ጎርፉ ነው። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ በ500 ካሬ ሜትር ንጣፍ ላይ ቢወርድና ሙሉ በሙሉ ቢፈስ በሰከንድ ወደ 7 ሊትር ይሆናል፤ አንድ በርሜል ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይሞላል ማለት ነው። ይህ ውኃ መውረጃ ካልተበጀለት ታችኛው ብሎክ ደረጃ ሥር ይተኛል፤ የታችኛው ብሎክ ነዋሪም ከዚያ ቀን ጀምሮ የመናፈሻው ጠላት ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ በሌቭል መለካት፣ ለመንገዱ በመቶ ሁለት ተዳፋት መስጠት፣ ውኃውም በቀጥታ ወደ ማንሆል ከመግባቱ በፊት በዛፎቹ ሥር እንዲያልፍ ማድረግ ይገባል። በከተማችን በብዙ ሥፍራ የሚገኘው ኮቲቻ የምንለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ በቀጥታ የተለሰነ ሲሚንቶ ሁለት ክረምት አይዘልቅም። አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ ሬድ አሽ ማልበስና ኮብልስቶን ማንጠፍ ይሻላል። ኮብልስቶን ቢሰምጥም ድንጋዩን አንሥቶ እንደገና ለማንጠፍ የሰፈሩ ወጣቶች መዶሻና አሸዋ ይበቃቸዋል። ጥገናው በጎረቤት እጅ ሊሠራ የማይችል ዕቃ በሰፈር መናፈሻ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ።

ስለ መንገዱ አቅጣጫም አንድ ቃል። ሕዝቡ አስቀድሞ በእግሩ ያወጣው አቋራጭ አለ፤ መጀመሪያ እርሱን መቀየስ ነው። በወረቀት ላይ ያማረ ክብ መንገድ ሠርተን ሰው በሣሩ ላይ አቋርጦ ሲሄድ «ሕዝቡ ሥልጣኔ አልገባውም» የምንለው ነገር ሊበቃን ይገባል። ወንበሩም ሲተከል ለሴቶች ወደ መግቢያው ቀረብ ብሎ፣ ከመስኮት የሚታይና መብራት ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ከጀርባው ግንብ ያለው ጨለማ ጥግ ማን እንደሚወርሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚወስደውን ጨምሮ ዋና ዋና መንገዶችን በእግረኛ መንገድ፣ በመብራትና በአረንጓዴ ሥፍራ ለውጧል። ሥራው በፍጥነቱ ያስደንቃል። በዋናው መንገድ ላይ ያለውን አረንጓዴ የሚያጠጣ ሠራተኛ አለ፤ ከዋናው መንገድ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ብሎ በብሎኮቹ መካከል ያለውን መሬት ግን ማንም መጥቶ አያጠጣውም። ያ መሬት በአሥር ዓመት ውስጥ ወይ የሰፈር መናፈሻ ይሆናል፣ ወይ በቆርቆሮ ታጥሮ ጋራዥና መጋዘን ይሆናል። ይህንን የሚወስነው ነዋሪው አስቀድሞ ተደራጅቶ መገኘቱ ነው።

ለዚህም አዲስ ድርጅት መፍጠር አያስፈልግም። እድር አለ። እድር አባሉን ያውቃል፣ መዋጮ በወቅቱ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ ሒሳቡን በዓመት አንድ ጊዜ በአባላት ፊት ያነባል፤ ድንኳኑንና ወንበሩን ለዓመታት ሳያጠፋ ጠብቆ ያቆያል። ከብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን የተሻለ የንብረት አያያዝ ልምድ ያለው ይህ ማኅበር መናፈሻ ለመጠበቅ አያንስም። የባለቤቶች ማኅበሩ በሕግ መሬቱን ይይዛል፤ እድሩ በውል ጥበቃውን ይረከባል፤ ወረዳው ውሉን ይመዘግባል። በውሉም ውስጥ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይጻፉ፤ የውኃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሚሆን፣ የመጸዳጃው ገቢ በማን ደብተር እንደሚገባ፣ ቦታው ለሌላ ሥራ ቢፈለግ በምትኩ የት እንደሚሰጥ። የውኃ ቆጣሪ ነገር ትንሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በማንም ስም ያልሆነ ቆጣሪ በሦስተኛው ወር እንደሚቆረጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከማኅበራችን የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። በልደታ ብሎኮች መካከል ነዋሪው ራሱ የሚመርጠውን አንድ ሥፍራ እንያዝና ሦስት ሥራ በነፃ እንሥራ፤ የከፍታ ቅየሳ፣ የፍሳሽ ቦይ ንድፍ፣ በግንባታውም ጊዜ የቅዳሜ ክትትል። ቁፋሮውን፣ ተከላውንና የድንጋይ ማንጠፉን ነዋሪው እንዲሠራው እንተውለት። ንድፉን ከመጀመራችን በፊት ግን ግንቦት 1 ቀን በሥፍራው ተገኝተን ምንጣፉ የት እንደሚነጠፍ፣ ምጣዱና ብረት ድስቱ የት እንደሚጣድ፣ ልጆቹ ወዴት እንደሚሮጡ በወረቀት ላይ እናስፍር፤ ያንን የመሰለ የአጠቃቀም ጥናት በማናቸውም መጠይቅ አናገኝም። ቅየሳው የሰኔ ዝናብ ሳይገባ መጠናቀቅ ይኖርበታል። ሌቭልና ትራይፖድ ሊያውሱን የሚችሉ፣ እንዲሁም አራት ቅዳሜ ለመስጠት የሚፈቅዱ አባላት ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማቸውን በጽሕፈት ቤቱ እንዲያስመዘግቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።